የሞተር ዘይት፦ ራስዎ ይቀይሩ ወይስ ያስቀይሩ?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከአያት ማዶ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከለቡ ወይም ከቡራዩ በኩል የሚኖር ባለመኪና የዘይት መቀየሪያው ኪሎ ሜትር ሲሞላ ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው ግቢው ውስጥ ራሱ መቀየር ነው። ሁለተኛው ማደያ ወይም ጋራዥ ሄዶ ዘይቱንም፣ ፊልትሮውንም፣ ሥራውንም እዚያው መግዛት ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው እንደ ምርጫ አይቆጥረውም፦ ዘይትና ፊልትሮ ራስ ገዝቶ ይዞ መሄድ፣ ለእጅ ብቻ መክፈል፣ አጠገቡ ቆሞ ማሠራት።

ሐሳባችንን ከወዲሁ እንናገር። ደልዳላ ቦታና መሣሪያ ለሌለው ባለመኪና ሦስተኛው ይሻላል፤ አብዛኛው ሰውም እዚህ ውስጥ ይገባል። የሲሚንቶ ወለል ያለው ግቢ፣ የሁለት ሰዓት ትዕግሥትና ሥሩ የማያስቸግር መኪና ላለው ራሱ ቢቀይር ይመረጣል። ሁሉንም ለሱቁ መተው የሚያዋጣው ቤቱን በደንብ ሲያውቁት ብቻ ነው።

ይህን የምንልበት ምክንያት ቀላል ነው። የሞተርን ዕድሜ የሚወስኑት የዘይቱ ዓይነትና እውነተኛነት፣ የፊልትሮው ጥራት፣ የተሞላው መጠን እና የማፍሰሻው ቡሎን (አሮጌው ዘይት የሚወርድበት) አጠባበቅ ናቸው። ቀያሪው ማንም ይሁን፣ እነዚህን አራቱን ባለቤቱ በዐይኑ ካየ ሞተሩ ይቆይለታል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ንሯል። ሞተር ማስወረድ ዛሬ ቤት የሚያናጋ ወጪ ስለሆነ የዘይት ነገር በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ሂሳቡ

ለእጅ የሚከፈለው ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ነው። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ዘይቱ ሲሆን ፊልትሮው ይከተላል። ስለዚህ ራስዎ ቢቀይሩ የሚቀርልዎት የእጅ ዋጋውና ሱቁ ዘይቱ ላይ የሚጨምረው ትርፍ ነው። ከዚህ ላይ የመሣሪያውን ወጪ ያስቡ፦ ክሪኩ ከመኪናው ጋር አለ እንበል፤ ሁለት የብረት ማስደገፊያ፣ የ14 ቁልፍ፣ የፊልትሮ መፍቻ፣ ሰፊ ሳፋና ጓንት ግን ይገዛሉ። የእነዚህን ድምር በሰፈርዎ በሚጠየቀው የእጅ ዋጋ ያካፍሉት። መልሱ መሣሪያው ወጪውን የሚመልሰው ስንተኛው ቅያሪ ላይ እንደሆነ ይነግርዎታል። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳና በየ5,000 የሚቀይር ሰው በዓመት ሦስት ጊዜ ይቀይራል፤ ስለዚህ መልሱ 12 ከሆነ አራት ዓመት መጠበቅ ነው። ሁለት መኪና ባለበት ቤት ወይም ጎረቤታሞች መሣሪያ በጋራ በሚገዙበት ግቢ ጊዜው ያጥራል። ለአንድ መኪና ግን ገንዘብ ብቻውን ራስን ለመቀየር በቂ ምክንያት አይደለም። ትልቁ ጥቅም ሞተሩ ውስጥ ምን እንደገባ በእርግጠኝነት ማወቅና በዚያው የመኪናውን ሥር ማየት ነው፤ የተቀደደ የአክሰል ጎማ ሽፋን፣ የሚያነባ ፍሬን ቧንቧ፣ የላላ የጭስ ማውጫ ማሰሪያ የሚታየው ያኔ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀይር ሰው ሁለት ሰዓት ይመድብ፤ እጁ ሲፈታ ከአንድ ሰዓት አይበልጥበትም። ጊዜ የሚበላው ዕቃ ፍለጋው ነው። ከከተማው ዳር ተነሥቶ ለአንድ ፊልትሮ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ መሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አንዴ ከሄዱ ሦስት ፊልትሮና ሦስት የቡሎን ሮንዴላ (ማፍሰሻው እንዳያነባ ቡሎኑ ሥር የሚገባ ቀለበት) ይግዙ። ክዳኑ ያልተከፈተ ዘይትም ጥላ ያለበት ደረቅ ቦታ ቢቀመጥ ለዓመታት ስለማይበላሽ ከእምነተኛ ሱቅ ሁለት ጋሎን ማስቀመጥ ይቻላል።

የትኛው ዘይት፣ ስንት ሊትር፣ መቼ

ይህ ለሦስቱም መንገድ እኩል ያስፈልጋል፤ ሰው የሚሳሳተውም በብዛት እዚህ ላይ ነው።

ጋሎኑ ላይ የሚጻፈው 5ደብሊው-30 ወይም 20ደብሊው-50 የውፍረት ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ ዘይቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚፈስ፣ ሁለተኛው ሲሞቅ ምን ያህል ውፍረት እንደሚይዝ ይናገራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሱሉልታና ለገጣፎ በኩል ብርዱ ጠንካራ ስለሆነ ሌሊቱን ደጅ ያደረ ሞተር ውስጥ ወፍራም ዘይት ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ይዘገያል። የሞተር መበላት ደግሞ የሚበረታው በእነዚያ የመጀመሪያ ሰከንዶች ነው። በተጨማሪ የዛሬዎቹ የቶዮታና የሱዙኪ ሞተሮች የቫልቭ ጊዜን የሚያስተካክሉት በቀጫጭን ቀዳዳ በሚያልፍ የዘይት ግፊት ነው። ስለዚህ ጤነኛ ለሆነ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ ወይም ዲዛየር 5ደብሊው-30 ይስማማል፤ መመሪያው የሚፈቅድ ከሆነ 10ደብሊው-30ም ይሆናል። 20ደብሊው-50 ዘይት መብላት ለጀመረ አሮጌ ሞተር ማቆያ ነው። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) የተበላ ሞተር ላይ ጭሱን ይቀንስ ይሆናል እንጂ አያድነውም። ምንም ችግር የሌለበት አዲስ ሞተር ላይ «ወፍራም ይሻላል» ብሎ የሚሞላልዎትን አይቀበሉ።

ቀጥሎ የደረጃ ፊደሎቹ ናቸው። ለቤንዚን ሞተር በኤስ የሚጀምረውን ይፈልጉ፤ ኤስኤን ጥሩ ነው፣ ኤስፒ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ ነው። ለናፍጣ በሲ የሚጀምረው ነው፤ እንደ ሃይሉክስ ላሉ ሞተሮች ሲአይ-4 የሚል ይበቃል። ምንም የደረጃ ፊደል የሌለው ጋሎን ርካሽ ቢሆንም ይተውት።

መጠኑን በግምት አይሙሉ። ፊልትሮው አብሮ ሲቀየር 1.0 ሊትር ሞተር ያለው ቪትዝ 3.1 ሊትር ገደማ፣ 1.5 ሊትር የሆነው 1ኤንዚ ሞተር 3.7፣ የኮሮላ 1.8 ሊትር 2ዜድአር ሞተር 4.2፣ የሃይሉክስ 2.5 ሊትር ናፍጣ ደግሞ ወደ 7 ሊትር ይወስዳል። ገበያ ላይ የሚበዛው ባለ 4 ሊትር ጋሎን ነው፤ ችግሩም ከዚህ ይነሣል። ቀያሪው ጋሎኑን እስኪያልቅ ቢገለብጠው 3.1 ሊትር የሚበቃው ቪትዝ ውስጥ 0.9 ሊትር ትርፍ ይገባል። በብዙ መኪና በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት ወደ አንድ ሊትር ስለሆነ ይህ ትርፍ ትንሽ አይደለም። ዘይቱ ከፍ ሲል የሚሽከረከረው ኮሎ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ይመታዋል፤ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ብሮንዚኒውን (ኮሎው የሚዞርበትን ተሸካሚ) አያለሰልስም። ግፊቱ ጎማ ማኅተሞቹን እየገፋ ማንባት ያስጀምራል፤ በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ሲሄድም ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ባለቤቱ ሞተሩ ተበላ ብሎ ይደነግጣል፤ የታመመው ግን መጠኑ ነው። በተቃራኒው 4.2 ሊትር ለሚወስደው ኮሮላ አንድ ጋሎን አይበቃም፤ አንድ ሊትር ጨምረው ይግዙ።

ሐሰተኛ ዘይት የሚሠራው በአሮጌ ጋሎን ነው። የክዳኑ ቀለበት ሲከፈት የሚበጠስ መሆኑን፣ ከሥሩ ያለው መሸፈኛ ዙሪያውን እኩል መጣበቁን፣ የምርት ቁጥሩና ቀኑ በግልጽ መታተሙን ያዩ። ከጎረቤት ሱቆች በጣም የወረደ ዋጋ ሲሰሙ ይራቁ። የማደያ ኩባንያዎች ራሳቸው በጣቢያቸው የሚሸጡት ዘይት ከመንገድ ዳር ከሚሸጠው የተሻለ ዋስትና አለው። የባዶ ጋሎንዎን ሆድ በቢላ ቀድደው ይጣሉት፤ ለቆራሌው ደህናውን ከሰጡ ተመልሶ ተሞልቶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል።

ስለ መቀየሪያ ጊዜ፣ 5,000 ኪሎ ሜትር የሚለው ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ በፍጥነት መንገዱ አዳማ የሚመላለስ መኪና በአማካይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 5,000ውን በ63 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ከኮዬ ፈጬ መሀል ከተማ ሲገባ በሰልፍ ተይዞ በአማካይ 15 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን ለዚያው ርቀት ሞተሩ 333 ሰዓት ይሠራል። ቆጣሪው ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ዘይቱ ጥላሸትና ያልተቃጠለ ቤንዚን የተቀበለበት ጊዜ ግን ከአምስት እጥፍ በላይ ይለያያል። ለሰልፈኛው መኪና፣ በተለይ አስፋልት ባልደረሰበት አቧራማ መንገድ ለሚወጣና ለሚገባው፣ 5,000 ጣሪያ ይሁን፤ ተራ ዘይት ከሆነ 3,000 እስከ 4,000 ላይ ይቀይሩ። ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ስድስት ወር አያሳልፉ። ለናፍጣ ባለቤቶች አንድ ነገር እንጨምር፤ የናፍጣ ዘይት ከተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠቁራል፤ ጥቁረቱን አይቶ አልተቀየረም ብሎ መካኒክን መክሰስ አይገባም።

ራስዎ ሲቀይሩ

ቦታው ደልዳላና ጠንካራ ይሁን። አስኮና ካራ በኩል ያሉ ዳገታማ መንገዶች ላይ መኪና ማንሣት አደጋ ነው፤ መለኪያውም በትክክል አያነብም። ኮብልስቶን ላይ ከሆነ ክሪኩ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ያድርጉ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ ያድርጉ።

መኪናን በክሪክ ብቻ አንሥቶ ሥሩ መግባት ሞትን መጥራት ነው። ክሪኩ ማንሻ እንጂ መሸከሚያ አይደለም። ብሎኬት ደግሞ በመልኩ ያታልላል፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ክብደት ጥጉ ላይ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የብረት ማስደገፊያ ከሌለዎት ሰፈርዎ ያለው በር ሠሪ ብየዳ ቤት ከወፍራም ብረት ሁለት መወጣጫ ሊሠራልዎት ይችላል፤ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይኑራቸው፣ ጫፋቸው ላይ ጎማው እንዳያልፍ የሚይዝ ጉብታ ይበየድላቸው። የፊት ጎማዎቹን ነድቶ ማውጣት ከክሪክ ይልቅ ያስተማምናል። ይህ ሁሉ የማይቻል ከሆነ ራስዎ አይቀይሩ።

ሞተሩን አምስት ደቂቃ አስነሥተው ያጥፉትና አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ለብ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል፤ ከረጅም መንገድ እንደገቡ የሚፈታ ግን እጅ ያቃጥላል። ከላይ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ። በእኛ መንገድ ምክንያት ብዙ መኪና ሥሩ የብረት ላሜራ ተገጥሞለታል፤ ማፍሰሻው ትክክል ቀዳዳ ከሌለው ላሜራውን ያውልቁት፣ አለዚያ ዘይቱ እላዩ ላይ ተኝቶ ለሳምንት ያንጠባጥባል።

አሁን ቡሎኑን ይለዩ። በብዙ ቶዮታ የሞተር ዘይት ማፍሰሻው በ14 ቁልፍ የሚፈታው፣ ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ማጠራቀሚያ ላይ ያለው ነው። አጠገቡ ያለው የካምቢዮ ማፍሰሻ ሌላ ነው። አውቶማቲክ መኪና ላይ ተሳስቶ የካምቢዮውን ዘይት አፍስሶ ሞተሩ ላይ ደግሞ እጥፍ የሚሞላ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱን ያበላሻል። የሚወርደው ጥቁር ወይም ቡናማ ሳይሆን ቀይ ወይም ጥርት ያለ ከሆነ ወዲያው ዘግተው መኪናውን ሳያስነሡ ባለሙያ ይጥሩ።

ለመፍታት ዙሪያውን የሚይዝ ቁልፍ ይጠቀሙ፤ ክፍቱ ቁልፍ ጠርዙን ያሟልጨዋል። ካላላ በኋላ በጓንት በተሸፈነ ጣት ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው እያዞሩ ጥርሱ ሲያልቅ በአንዴ ይንጠቁት። መጀመሪያ ዘይቱ ራቅ ብሎ ይወረወራል፣ እየቀነሰ ሲሄድ ወደ ውስጥ ይጠጋል፤ ሳፋውን በዚያው ልክ ያንቀሳቅሱ። ከሥሩ ካርቶን ያንጥፉ፣ ሰጋቱራም ያዘጋጁ። እስኪንጠባጠብ ድረስ 15 ደቂቃ ይተውት። በዚህ ጊዜ የወረደውን ይመልከቱ። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ በብዛት ካለ ብሮንዚኒው እየተበላ ነው። ማኪያቶ መስሎ ከወረደ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፤ አዲስ ዘይት ሞልቶ መንዳት ሳይሆን ወደ መካኒክ መውሰድ ነው።

ሮንዴላው አንዴ ሲጠብቅ ተጨፍልቆ የሚያሽግ ነው። ያው አሮጌው ሲመለስ ያነባል፤ እንዳያነባ አብዝቶ ይጠበቃል፤ አብዝቶ ሲጠበቅ የአልሙኒየሙ ጥርስ ይበላል። ብዙ የተበላሸ ማፍሰሻ የዚህ ሰንሰለት ውጤት ነው። ሲሊኮን ቀብቶ ማሸግም መፍትሔ አይደለም፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ቁራጭ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍነዋል። ቡሎኑን መጀመሪያ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ያስገቡት። በጣት የማይገባ ከሆነ ተጣሟል፤ አውጥተው እንደገና ይሞክሩ። የቶዮታው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን ማጥበቂያ 37 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ 20 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ የ19 ኪሎ ግፊት ማለት ነው። በዚያው ጉልበት 50 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ቀጥለው ቢገፉት ከ90 ኒውተን ሜትር ያልፋል። ጥርሱ የሚበላው እንዲህ ነው።

ፊልትሮው ላይ አንድ ነገር አይርሱ። አሮጌው ሲወጣ የጎማ ቀለበቱ አብሮት መውጣቱን ያረጋግጡ። አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ በአዲሱ ቀለበት ላይ ሲደረብ ለጥቂት ደቂቃ ያሸገ ይመስልና ግፊት ሲበረታ ይፈነዳል፣ ሙሉው ዘይት መንገድ ላይ ይፈሳል። የሞተሩን ገጽ በጨርቅ ጠርገው ጣትዎን ዙሪያውን ያዙሩበት፤ ለስላሳ ብረት ብቻ መሆን አለበት። የአዲሱን ቀለበት በንጹሕ ዘይት ያርጥቡ፤ በእጅ አዙረው ገጹን ሲነካ ከዚያ ሦስት ሩብ ዙር ይጨምሩ። መፍቻው ለመፍታት ብቻ ነው። በአንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች ፊልትሮው በፕላስቲክ ቤት ውስጥ የሚገባ ወረቀት ነው፤ ቤቱ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ልክ የሆነ መፍቻ ከሌለዎት ያን መኪና ለጋራዥ ይተውት።

ርካሽ ፊልትሮ ላይ የሚጎድለው ከውጭ አይታይም። ውስጡ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ እንዳይመለስ የሚይዝ ጎማ አለ፤ ያ ሲጎድል በየማለዳው ሞተሩ ሲነሣ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ያንኳኳል። ፊልትሮ ሲቀየር አዲስ ማንኳኳት ከመጣ በመጀመሪያ ፊልትሮውን ይጠርጥሩ።

ለመሙላት የሃይላንድ ላስቲክ አንገቱን ቆርጠው ገልብጠው ይጠቀሙ፤ ታጥቦ በደንብ የደረቀ ይሁን። ከሚፈለገው ግማሽ ሊትር አጉድለው ይሙሉ፣ መኪናውን ወደ ደልዳላው ያውርዱ፣ መለኪያውን ጠርገው ያንብቡ፣ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ሞተሩን ያስነሡ፤ ቀዩ የዘይት መብራት በጥቂት ሰከንድ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ወዲያው ያጥፉት። ከጠፋ ግማሽ ደቂቃ አሠርተው ሥሩን ይዩ፣ ያጥፉ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይለኩ፤ ፊልትሮው የያዘው ስለሚቀነስ ትንሽ ይወርዳል። ከላይኛው ምልክት በታች በትንሹ ቢሆን ጥሩ ነው።

ክረምት ላይ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጭቃ ላይ ተኝቶ መቀየር አይመከርም። በዚያን ጊዜ የፈሰሰ ዘይትም በጎርፍ ወደ ቦይ ይወርዳል።

ሲያስቀይሩ

ጋራዥና ማደያ የማይካድ ብልጫ አላቸው። ጉድጓድ ወይም ሊፍት አለ፣ የተጣበቀ ቡሎን የሚያላቅቅ መሣሪያ አለ፣ ጥርስ ቢበላ እዚያው መፍትሔ ይኖራል፣ አሮጌውን ዘይት በበርሜል ያጠራቅማሉ። አዲስ መኪና በወኪል ድርጅት ዋስትና ሥር ከሆነ ደግሞ ዋስትናው እስኪያልቅ እዚያው አስቀይረው ደረሰኙን ይያዙ።

የሚጎድለው ጥንቃቄ ነው። ሥራ በበዛበት ቀን ዘይቱ ገና እየፈሰሰ ቡሎኑ ይዘጋል፤ ፊልትሮው ተጠርጎ ይታለፋል፤ ቡሎኑ በረጅም እጀታ ይጠበቃል፤ ጋሎኑ እስኪያልቅ ይገለበጣል። ከተከፈተ በርሜል በጆግ የሚቀዳ ዘይት ምን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም፤ አይውሰዱ። «ሞተሩን በናፍጣ እንጠበው» የሚለውንም እምቢ ይበሉ፤ የሚቀረው ናፍጣ አዲሱን ዘይት ያቀጥናል፣ ለዓመታት ተኝቶ የነበረ ጭቃ በአንዴ ተነሥቶ መሳቢያውን ሊደፍን ይችላል።

ስለዚህ ዘይት፣ ፊልትሮና ሮንዴላ ይዘው ይሂዱ፤ ስንት ሊትር እንደሚገባ ገና ሳይጀመር ይናገሩ። «ወንድሜ፣ አዲሱን ከመግጠምህ በፊት አሮጌውን ፊልትሮ ከነጎማው ልየው» ማለት ማንንም አያስቀይምም፤ ጥሩ መካኒክ ራሱ ያሳይዎታል። ጋሎኑን ፊትዎ ያስከፍቱ፣ የተረፈውን ዘይት ይውሰዱ፤ በሚቀጥሉት ወራት ለመጨመሪያ ይሆናል። መለኪያውን ራስዎ ሳያነቡ አይክፈሉ። ዕቃውን ከነሱ የሚገዙ ከሆነ የዘይቱ ስም፣ ቁጥሩና ሊትሩ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ቅዳሜ ከሰዓት ሰልፉ ስለሚበዛ በሥራ ቀን ጠዋት መሄድ ይሻላል፤ የተረጋጋ እጅ ያኔ ነው የሚገኘው።

አሮጌው ዘይት

ራሱ የሚቀይር ሰው ይህን አስቀድሞ መወሰን አለበት። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ደርሰው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ፤ በዳርቻቸው የሚበቅለውን ጎመንና ሰላጣ የሚበላው ይኸው ከተማ ነው። ቦይ ውስጥ የተደፋ አራት ሊትር የተቃጠለ ዘይት መድረሻው ይህ ነው። ወደ ባዶው ጋሎን መልሰው ዘይት የሚያጠራቅም ጋራዥ ወይም የቅርጽ ማውጫ የሚቀባ ብሎኬት ሠሪ ይስጡ፤ ለዚህ የሚሆነውን ጋሎን መቅደድ የለብዎትም፣ ዘይቱ ሲገለበጥ እዚያው ይቀደድ። ምስጥ እንዳይበላው አጥር የሚቀቡ አሉ፤ ከጉድጓድ ውሃና ከጓሮ አትክልት አጠገብ ግን አይሁን። ምድጃ ለማቀጣጠል ፈጽሞ አይጠቀሙበት፣ በውስጡ ያለው ብረትና መርዝ በጭሱ ይወጣል። ለረጅም ጊዜ ቆዳን ሲነካ ካንሰር ሊያስከትል ስለሚችል ጓንቱን አይናቁት፤ እጅን በቤንዚን መታጠብም ቆዳውን ከፍቶ የባሰ ያስገባዋል። የልብስ ሳሙናና ጥቂት ሰጋቱራ ይበቃል።

ከተቀየረ በኋላ

በሦስቱም መንገድ ቢሆን የቅያሪውን ቀንና ኪሎ ሜትር ጽፈው ከሊብሬው ጋር ያስቀምጡ። ማታ መኪናው ሲቆም ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን ያንጥፉ። ጠዋት ጠብታ ካለ ከየት እንደሚመጣ በባትሪ ይፈልጉ፦ ከማፍሰሻው ከሆነ ሮንዴላው፣ ከፍ ብሎ ከሆነ የፊልትሮው ቀለበት ነው። ላሜራው ላይ ቀድሞ የፈሰሰ ሊሆንም ስለሚችል ጠርገው አንድ ሌሊት ይድገሙ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ መለኪያውን ያንብቡ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ቤንዚን ከመቅዳትዎ በፊት አንድ ጊዜ ቢያዩት ይበቃል፤ በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ የሚቀንስ ከሆነ ፋሻውንና የቫልቭ ጎማዎቹን የሚያይ መካኒክ ዘንድ መሄጃው ደርሷል።